የሾልቄ ውሃ ከየት ተቀዳ?

ወለተ ማርያም አልቀበልም ብላ የመለሰችውን ጠርሙስ በግድ ያስገባ ሰው እስከ ዛሬ የለም። የሞከሩ ግን ነበሩ። አንድ ቀን ከረባቱን ግጥም አድርጎ ያሰረ የኮንስትራክሽን ሰው በሯ ላይ ቆሞ "ኢትስ ጀስት ዋተር" አላት። ይዞት በመጣው ወረቀት ላይ ውሃው ከየት እንደተቀዳ የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነበር። ወለተ ማርያም መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ፣ ወረቀቱን በአንድ ጣቷ ወደ እሱ ገፋ አድርጋ፣ "ኖ ሶርስ፣ ኖ ቴስት" አለችው። እንግሊዝኛዋ አጭር ነው፤ የጎደለው ነገር ግን አልነበረም። ሰውዬው አለቃዋን አስጠራ። አለቃዋ መጥታ ወረቀቱን አየች፣ ወለተ ማርያምን አየች፣ ለሰውዬው "ሺ ኢዝ ራይት" ብላ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

ሥራዋ ይኸው ነው። በጠዋት ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ጣቢያ ባርት ባቡር ትሳፈራለች፣ ሳን ሆዜ ትወርዳለች፣ በአውቶቡስ ጥቂት ተጉዛ የውሃ መመርመሪያ ላብራቶሪ ትገባለች። ማሽኑ የኬሚስቶቹ ነው፤ በሩ ግን የእሷ ነው። ከየከተማው የሚመጣው ጠርሙስ ሁሉ መጀመሪያ በእሷ እጅ ያልፋል። ሙቀቱን ትለካለች፣ ክዳኑን ታያለች፣ ከሁሉ በላይ ግን ወረቀቱን ታነባለች። ቼይን ኦፍ ከስተዲ ይሉታል። ማን ቀዳው፣ ከየት ቀዳው፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ተላለፈ፤ ይኸው ነው የሚጠይቀው። አንዱ መስመር ባዶ ከሆነ ውሃው የፈለገውን ያህል ጥርት ቢል ይመለሳል።

በዚህ ባሕርይዋ የማይስቅባት የለም። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልትገዛ ስትገባ ባለሱቁ ገና ከበሩ፣ "የማረቆ ነው፣ የተፈጨው ሚያዝያ ላይ ነው፣ ያመጣችው እህቴ ነች" ይላታል። እሷም ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ግን እህቱ በየት በኩል እንዳመጣችው ትጠይቃለች።

ይህን አመል አሜሪካ አላስተማራትም። በዲቪ ከመምጣቷ በፊት ደቡብ ምዕራብ ውስጥ፣ ሾልቄ የሚባል ወንዝ በሚያልፍበት ወረዳ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሳኒቴሪያን ሆና ሠርታለች። ምንጭ ታጎለብታለች፤ ማለትም ምንጩን አስቆፍራ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ አሳጥራ፣ ከብት እንዳይገባበት ታደርጋለች፣ ሰው በንጹሕ ቱቦ እንዲቀዳ ታደርጋለች። በዚያ ዘመን ሾልቄ በጫካ የተሸፈነ ወንዝ ነበር። እኩለ ቀን ላይ እንኳ እግር ያደነዝዛል፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ላብራቶሪ የሚባል ነገር በሦስት ቀን መንገድ አልነበረምና ጅማ ስትማር አስተማሪዋ ያሳያትን ትሠራለች፤ ከወንዙ ድንጋይ ታነሳና ሆዱን ትገለብጣለች። ሦስት ጭራ ያላት ትንሽዬ ነፍሳት ድንጋዩ ላይ ስትርመሰመስ ካየች ውሃው ደኅና ነው። ያቺ ነፍሳት ከጠፋች ሰው ከመታመሙ በፊት ወደ ላይ ወጥታ ምን እንደተደረገ ትፈልጋለች። አንዴ ቆዳ የሚዘፈዝፍ ሰው አግኝታ ከነበርሜሉ አስነስታዋለች። ሰውዬው የወረዳው ሊቀመንበር አማች ነበር። ደመወዟ ለሁለት ወር ቆመ፤ በርሜሉ ግን አልተመለሰም።

ከወንዙ ዳር፣ ከአለት ሥር፣ የቅዱስ ገብርኤል ጠበል ይፈልቃል። ያንን ምንጭ ማንም አላጎለበተውም፤ አያስፈልገውም ነበር። በሐምሌ ዶፍ እንኳ፣ ወንዙ ሲደፈርስ፣ እሱ ጥርት እንዳለ ይወርዳል። ወለተ ማርያም ልጇን ሶልያናን በአርባ አምስት ዓመት... አይደለም፣ ይህን የሚለው የኦክላንድ ወሬ ነው፤ በሠላሳ ዓመቷ ነው የወለደቻት። ግን አራት ዓመት ሙሉ አልወልድ ብላ ከቆየች በኋላ፣ ያንን ጠበል ጠጥታ ነው ያገኘቻት። ለዚህ ማስረጃ የሚጠይቃት ሰው ካለ ይሞክራት።

እንግዲህ ሶልያና ሃያ ሰባት ዓመት ሞላት፣ አግብታ ፍሪሞንት ገባች፣ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ አስወረዳት። በሦስተኛው አምስተኛ ወሯን ስትይዝ እናቲቱ የትኛው ጠበል እንደሚያስፈልጋት ለማሰብ ጊዜ አልወሰደባትም። ዕድል ደግሞ በእጇ ነበር። ኦክላንድ ያለው ቤተ ክርስቲያናቸው ለሐምሌ ገብርኤል ንግሥ በየዓመቱ ከአገር ቤት ጠበል ያስመጣል፤ በዚህ ዓመት ደግሞ አቶ መንገሻ ከዚያው ከሾልቄ ገብርኤል በጄሪካን አስቀድቶ በካርጎ አስመጥቷል። መንገሻ ሳን ሆዜ ውስጥ ሦስት ነዳጅ ማደያ አለው፤ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ጣሪያ ያስከደነ እሱ ነው፣ ሰው ሲሞት ሬሳ ወደ አገር የሚያስልክ እሱ ነው። አገር ቤትም "ፕሮጀክት" አለው፤ ወርቅ የሚያጥብ ማሽን። የት ወንዝ ላይ እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ወለተ ማርያም እንኳ አልጠየቀችም። ሁለት ሃይላንድ ሙሉ ጠበል ሲሰጣት እጁን ልትስም ምንም አልቀራት፤ አንዱን ለልጇ ሰጠች፣ አንዱን ለራሷ አስቀመጠች።

"በባዶ ሆድሽ፣ በየጠዋቱ፣ አንድ ስኒ" አለቻት።

"ኦኬ፣ ማሚ" አለች ሶልያና።

በዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወለተ ማርያም ፍሪሞንት ሄደች። ወተት ልታወጣ ፍሪጁን ከፈተች። ሃይላንዱ በሩ ላይ ቆሟል፤ ግማሹ ተጠጥቷል። ወለተ ማርያም ወተቱን ተወችው። ጠርሙሱ ሥር የጥፍር ውፍረት የማያክል ቀይ ዝቃጭ ተኝቷል። ጠርሙሱን አንስታ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፣ ቀስ ብላ አዘነበለችው። ዝቃጩ ተነሳና ውሃውን ሻይ አስመሰለው።

"ዋት ኢዝ ኢት?" አለች ሶልያና ከሶፋው ላይ።

"ዛሬ ጠጥተሻል?"

"የስ። በየቀኑ። ዩ ቶልድ ሚ ቱ።"

"ከእንግዲህ እንዳትጠጪው።"

"ዋይ? ማሚ፣ አንቺ ነሽ እኮ የሰጠሽኝ።"

ወለተ ማርያም ክዳኑን አጥብቃ ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።  አሥራ ስድስት ዓመት የምታውቀው ምንጭ አንዲት ቅንጣት አፈር ጥሎ አያውቅም። ይህ የምንጭ ውሃ አይደለም። ይህ የወንዝ ውሃ ነው፤ ያውም ዳርቻው የተቆፈረ፣ ዛፉ የተቆረጠ ወንዝ። እሷ በሰው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ባዶ ሆነ ብላ ከረባት ያሰረ ሰው ስትመልስ የኖረች ሴት፣ ልጇ ስኒ ውስጥ የገባውን ውሃ ማን እንደቀዳው ሳትጠይቅ አጠጥታለች። ጠበል ነዋ። ጠበልን ማን ከየት ነህ ብሎ ይጠይቃል? ፈራች፤ ከፍርሃቷ ደግሞ ንዴቷ በለጠ፤ የመጀመሪያው ንዴት በራሷ ላይ ነበር።

ላብራቶሪው ለሠራተኞቹ በዓመት አንድ ጊዜ የቤታቸውን ውሃ በነፃ ይመረምርላቸዋል። ወለተ ማርያም በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተጠቅማበት አታውቅም። ሰኞ ጠዋት የሶልያናን ጠርሙስና የራሷን ያልተከፈተውን ይዛ ኤርምያስ ፊት አቆመቻቸው። ኤርምያስ አዲስ አበባ ኬሚስትሪ ተምሮ፣ በዲቪ መጥቶ፣ ብረታ ብረት የሚለካው ማሽን ላይ የሚሠራ ጎልማሳ ነው።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ጠበል።"

ኤርምያስ እጁን ከጠርሙሱ ላይ አነሳ፣ አማተበ፣ ከዚያ ዙሪያውን አየ። "እትዬ፣ ጠበል በማሽን ራን እንዳደርግ ነው የሚፈልጉት?"

"ውሃ ነው ራን የምታደርገው። ጠበልነቱን ለእኔ ተወው።"

"ፎርሙንስ እንዴት ልሙላው? ሶርስ?"

"አላውቅም በል።"

"ሳምፕለርስ? ማን ቀዳው?"

"አላውቅም በል አልኩህ።"

ኤርምያስ ሊስቅ አለና ፊቷን አይቶ ተወው። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ቢያመጣላት ጠርሙሱን ከነወረቀቱ ደጅ እንደምታስቀምጠው ሁለቱም ያውቃሉ።

ረቡዕ ከሰዓት በሯ ድረስ መጣ። ውጤቱን በወረቀት አልያዘም።

"ሁለቱንም ጠርሙስ ሁለት ሁለት ጊዜ ራን አድርጌያቸዋለሁ፣ እትዬ። ማሽኑንም ቼክ አድርጌዋለሁ። ሜርኩሪ አለው።"

"ስንት?"

"ዘጠኝ። እዚህ ለመጠጥ የሚፈቀደው ሁለት ነው።" ከዚያ ጨመረ፤ "ከላይ ወርቅ የሚያወጣ ሰው አለ እንዴ? ወርቁን ከአሸዋው ለመለየት ይጠቀሙበታል። የሚተርፈው ከጭቃው ጋር ይወርዳል።"

ወለተ ማርያም ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሥራ ላይ ስትቀመጥ ያያት ሰው አልነበረም። እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ ኬሚስት አያስፈልጋትም። መጀመሪያ ጣውላ የሚፈልጉት ይመጣሉ፣ መንገድ ይከፍታሉ። ጥላው ሲነሳ ወንዙ ይሞቃል፤ ሥሩ ሲነቀል ተራራው ዝናብ መያዝ ያቅተዋል፣ ምንጭ ይደክማል። ከዚያ በተከፈተው መንገድ ማሽን ይገባል። ዳርቻው ይገለበጣል፣ ጭቃው ድንጋዩን ይለብሰዋል፣ ከድንጋዩ ሥር ያለችው ነፍሳት ታፍና ትሞታለች፣ እሷን የሚበላው ዓሣም ይከተላታል። መጨረሻ ላይ ሰው ይጠጣዋል።

በዚያው ቀን የሶልያና ሐኪም ደሟን ለምርመራ ላከች። ዓርብ መልስ መጣ፤ ጥቂት ሜርኩሪ አለ፣ የሚያስደነግጥ አይደለም፣ መጠጣቱን ታቁም፣ ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ይታይ። ልጁም ይራገጣል። ወለተ ማርያም ይህን ሰምታ አለቀሰች። ሶልያና ትከሻዋን ይዛ፣ "ስቶፕ፣ ማሚ። አይ አም ኦኬ" አለቻት። ከዚያ ዓይኗን ትክ ብላ አየቻትና በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "ቸርች ላይ ስንት እርጉዝ አለ?" አለች። "ሰንደይ ሁሉም ይጠጣሉ። ሁ ኢዝ ቴሊንግ ዘም?"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የተቆረጠው። ሁለት መቶ ጠርሙስ ጠበል እሑድ ይታደላል። ከእርጉዞቹ አንዷ ከመዝሙር ክፍል ወንጌላዊት የምትባለው ነች፤ ስምንተኛ ወሯ ነው። ለሕፃን በጡጦ የምትሰጥም አትጠፋም። ወለተ ማርያም መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ለመንገሻ ደወለች። ውጤቱን እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

"ወይዘሮ ወለተ ማርያም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጠበል ላብራቶሪ ወሰዱ?"

"ውሃ ወሰድኩ፣ አቶ መንገሻ።"

"ጠበል በእምነት ነው እንጂ በማሽን አይለካም። ይሄንን ለሰው እንዳይናገሩት። ለእርስዎ ብዬ ነው፤ ሰው ሲሰማ ምን ይልዎታል?"

ሰው ምን እንደሚላት ለማወቅ አንድ ቀን አልፈጀም፤ ነጋሪው ማን እንደሆነም መገመት አያስቸግርም። ቅዳሜ ጠዋት ስልኳ አላረፈም። አንዷ "እግዜር ይቅር ይበልሽ" ብላ ዘጋችባት። ሌላዋ አሜሪካ እምነቷን እንደበላባት በቁምነገር አስረዳቻት። ወለተ ማርያም በሕይወቷ አንድ ጾም ገድፋ አታውቅም። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህ አንገበገባት፤ ያለ እምነት ሰው መባሉ። እሷ ቅዱስ ገብርኤልን አልመረመረችም። የገብርኤል ስም ለጭቃ መሸፈኛ ይዋል የሚል ካለ ይምጣ፣ እሷ የተናደደችው ለራሱ ለገብርኤል ነው!

በዚያው ቀን፣ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከላብራቶሪው ባዶ የቼይን ኦፍ ከስተዲ ወረቀት በቦርሳዋ ይዛ አዳራሹ ገባች። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ጠርሙስ ላይ የገብርኤልን ሥዕል እየለጠፉ ነው። ያለቀለት በካርቶን ተደርድሮ ግድግዳው ሥር ቆሟል።  ወለተ ማርያም ማንንም ሳታይ አንድ ወንበር ጎትታ ካርቶኖቹ ፊት አስቀመጠችና ቁጭ አለች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

መንገሻ ከጠረጴዛው ጫፍ ተነስቶ መጣ። "ወይዘሮ ወለተ ማርያም፣ በበዓል ዋዜማ እባክዎ..."

"ይሄ ውሃ ነገ አይታደልም።"

"እርስዎ ነዎት የሚከለክሉት?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ። ካርቶኑን የሚፈልግ ከነወንበሬ ያንሳኝ።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቁ፤ የሳቁት ግን ለማንሳት አልተነሱም። ወለተ ማርያም ቀጭን አይደለችም። ወንጌላዊት ከነሆዷ ጠረጴዛው ላይ በእጆቿ ተደግፋ ቆማለች፤ እሷ አልሳቀችም።

ጩኸቱን ሰምቶ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ቀሲስ አስራት ከመቅደሱ በኩል ገባ። ሽማግሌ ነው፤ አይቸኩልም። "ወለተ ማርያም፣ ምን ሆነሻል ልጄ?" አላት።

ተነሳች፣ መስቀል ተሳለመች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። "አባታችን፣ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። መልሱን ካገኘሁ ተነስቼ እሄዳለሁ።" ወረቀቱን አወጣች፣ እስክሪብቶዋን ከፈተች። "ይሄንን ውሃ ማን ቀዳው?"

ቀሲስ አስራት ወደ መንገሻ ዞረ። መንገሻ "የእኔ ሰዎች ናቸው ያመጡልኝ" አለ።

"ያመጣውን አልጠየቅሁም። የቀዳው ማነው?"

"ወይዘሮ ወለተ ማርያም፣ ይሄ ፖሊስ ጣቢያ አይደለም። ከገብርኤል ጠበል ነው የተቀዳው፤ በቃ።"

"የገብርኤል ጠበል ዝቃጭ የለውም። አሥራ ስድስት ዓመት ደጁ ኖሬያለሁ። አባታችን፣ የሾልቄ ገብርኤሉ የዲያቆን ታደሰ ስልክ አለዎት። እዚያ አሁን ሊነጋ ነው፤ ለኪዳን ተነስተዋል። ይደውሉለት።"

አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ጠርሙሱን እንደያዘ ቆመ። ቀሲስ አስራት ወለተ ማርያምን አያት። ከዚያ ቀሚሱን ገልጦ ስልኩን አወጣ። የሾልቄ ገብርኤል አገልጋይ ዲያቆን ታደሰ በሦስተኛው ጥሪ አነሳ። ቀሲስ አስራት ሰላምታውን ከጨረሰ በኋላ ስፒከሩን ከፍቶ ስልኩን ለወለተ ማርያም ሰጣት።

"ዲያቆን ታደሰ፣ እንደምን አደርክ? ለእኛ የተላከውን ጠበል ማን ቀዳው?"

"እኔ ራሴ ነኝ የቀዳሁት" አለ ዲያቆኑ ደስ ብሎት። "በሰላም ደረሰላችሁ?"

"ደርሷል። ከየት ቀዳኸው?"

"ከመጠመቂያው።"

"መጠመቂያው ላይ የሚወርደውስ ከየት ይመጣል?"

 ከስልኩ ውስጥ የዶሮ ጩኸት ይሰማል። ዲያቆኑ ተነፈሰ።

"እህቴ፣ ምንጩ ደርቋል። ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከላይ ያለው ጫካ ሲጨፈጨፍ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ አምና በጋ ቆመ። ሕዝቡ ከስንት አገር በእግሩ መጥቶ ባዶውን ሲመለስ አንጀታችን አልችል አለ። ወንዙን በቱቦ ስበን ወደ መጠመቂያው አገባነው። ጸሎት ተደርሶበታል፣ ስመ እግዚአብሔር ተጠርቶበታል። ጥፋት መስሎ አልታየንም።"

"ጥፋቱ የአንተ አይደለም" አለች ወለተ ማርያም። የዚህን ሰው ስህተት ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። "ወንዙስ እንዴት ነው?"

"ወንዙማ ቀይ ነው። ክረምት ከበጋ ቀይ ነው። ዓሣ የሚባል የለም። ድንጋዩ ሁሉ ጭቃ ለብሷል፣ ከብቶቹ እንኳ እየተገፉ ነው የሚጠጡት። ከላይ የአቶ መንገሻ ማሽን ይሠራል። አቶ መንገሻ እዚያ አሉ እንዴ? ሰላም በሉልን። ወንድሜን በዘበኝነት ቀጥረውልናል፣ እግዜር ይስጣቸው።"

ማንም ወደ መንገሻ እንዲዞር የነገረው አልነበረም፤ ሁሉም ዞረ። መንገሻ መሀረቡን አወጣና ግንባሩን ጠረገ። "ፈቃድ አለን" አለ። "መንግሥት የሰጠን ሕጋዊ ፈቃድ ነው። እኔ እዚያ ሄጄ አላጠብኩም፣ ሠራተኞች ናቸው። ሜርኩሪ ይሁን ምን ይሁን በምን አውቃለሁ? ወንዙን ወደ ጠበሉ ማስገባታቸውንም ማን ነገረኝ?"

"ማን ቀዳው ብለህ ጠይቀህ ቢሆን ይነግሩህ ነበር" አለች ወለተ ማርያም።

ወንጌላዊት እጇ ላይ የነበረውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ አስቀመጡ። ቀሲስ አስራት ወደ ካርቶኖቹ ሄዶ የላይኛውን ክዳን በእጁ ዘጋው። "ነገ አይታደልም" አለ። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ የምናገረው እኔ ራሴ ነኝ።"

ወለተ ማርያም የመጣችበት ነገር አልቋል። ጠርሙሱ ተመልሷል። ሌላ ቀን ቢሆን እዚህ ላይ ቦርሳዋን አንስታ ትሄዳለች፤ ሥራዋ በሩ ላይ ነው፣ የተመለሰ ጠርሙስ የት እንደሚወድቅ ጠይቃ አታውቅም። ስልኩ ግን ገና ክፍት ነበር።

"ዲያቆን ታደሰ፣ ትሰማኛለህ? ውሃው መርዝ አለበት። አስመርምሬዋለሁ። ለእኛ ብቻ አይደለም፤ እናንተም እንዳትጠጡት። ሴቶቹ እንዳይጠጡት፣ ሕፃናቱ እንዳይጠጡት።"

"መርዝ?"

"አዎ።"

 የዲያቆኑ ድምፅ አልተቆጣም፣ አልለመነም፤ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር።

"እሺ እህቴ። ሌላ ውሃ ግን የለንም። ምን እንጠጣ?"

 ቀሲስ አስራት አንገቱን ደፋ። ወለተ ማርያም ከተቀመጠችበት ተነሳች። ስልኩን በተዘረጋ እጇ ይዛ፣ ጠረጴዛውን ዞራ፣ መንገሻ ፊት ደርሳ ቆመች።

"መልስለት" አለችው።

"ወይዘሮ ወለተ ማርያም፣ እኛ እንነጋገራለን፣ ነገሩን በኮሚቴ..."

"ለእኔ አይደለም። ለእሱ መልስለት።"

"ሄሎ?" ይላል ዲያቆን ታደሰ ከስልኩ ውስጥ። "ሄሎ? ሰው አለ?"

መንገሻ በሩን አየ። በበሩና በእሱ መካከል አሥራ አምስት ሰው ቆሟል፤ ዛሬ መንገድ የለቀቀለት አልነበረም። ወለተ ማርያም ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋችለት፣ ጠበቀችው።